ሰርጉን የት እናስቀምጠው?

ሶልቪክ፣ ጁን 9 ቀን 1912

ለተከበሩ አቶ ዳንከርት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? በርገን እንደ ልማዷ በዝናብ እየታጠበች መሆኗን ጋዜጣው ነግሮናል። እኛ እዚህ ፊዮርዱ ዳር፣ ባሕሩ በተራሮቻችን መካከል በገባበት፣ ፀሐይ ወጥቶልን የፖም ዛፎቻችን አብበው ጨርሰዋል። ይህን የምለው ለማስቀናት አይደለም፤ ትንሽ ለማስቀናት ነው።

እውነቱን ለመናገር ታሪኬን ስልክልዎ መልስ ይጽፉልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የፖስታዋ መርከብ ደብዳቤዎን ስታመጣ ለልጆቹ የሚባዛ ቁጥር ሰጥቻቸው፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። ስመለስ ግማሾቹ በመስኮት ወጥተው ሄደዋል።

ለጥያቄዎ መልሴ ይኸውና። ሴትዮዋ የፈጠራ ናት፤ በእኛ ደብር እንዲህ ያለች ሴት የለችም። "ታዲያ ለምን ዘውዱ ላይ አቆሙት?" ላሉት ደግሞ፣ ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር ስላጣሁ ነው። አንዲት የጭሰኛ ልጅ፣ የሰው በረት ስትጠርግና የሰው ላም ስታልብ ያደገች፣ የአገሩን ትልቅ ርስት የሚወርሰውን የበኩር ልጅ ታገባለች። የሙሽራነቱን የብር ዘውድ ራሷ ላይ ሲደፉላት ታሪኩ ያልቃል። አንባቢ ይህን አንብቦ መጽሔቱን ሲያጥፍ ልቡ ሞቅ እንዲል ፈልጌ ነው።

እዚህ አገር መጽሐፍ ቅዱስ የሌለው ቤት ይገኝ ይሆናል፤ የእርስዎን የገና መጽሔት የማይገዛ ቤት ግን የለም። ታሪኩ ዘንድሮ ቢወጣልኝ፣ የደብራችን ሰው ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

አክባሪዎ፣
መምህርት ሄርቦርግ


በርገን፣ ጁን 20 ቀን 1912

ለወይዘሪት ሄርቦርግ፣

ዝናቡም እውነት ነው፣ ቅናቱም ደርሶኛል። ሐኪሜ ቡና ስለከለከለኝ ሰሞኑን ክፉ ሰው ሆኛለሁ፤ የምጽፈውን በዚህ ሚዛን ይመልከቱልኝ።

ስለ አጻጻፍዎ አይስጉ። ያቺ ልጅ የትልቁን ቤት የበር እጀታ ከመንካቷ በፊት እጇን በቀሚሷ የምትጠርግበትን ቦታ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያነበብኩ ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ዝም ብሎ ሰማኝ፤ እሱ ደግሞ ዝም ማለት የማያውቅ ሰው ነው።

ችግሩ ሰርጉ ያለበት ቦታ ነው። መጨረሻ ላይ ስላስቀመጡት ታሪኩ መሰላል ሆነ። ልጅቱ ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ጫፉ ላይ ቤቱ አለ፣ አበቃ። እርስዎ አንድም ቦታ "ለሀብት ብላ አገባችው" አላሉም፤ አቀማመጡ ግን ብሎልዎታል። ባልየውንማ ተዉት! ከእሱ ይልቅ የበሩ እጀታ በደንብ ተገልጿል።

እስቲ ሰርጉን ወደ ፊት ያምጡትና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ያሳዩኝ። ሰው የሚሞሸረው አንድ ቀን ነው፤ ጧት ተነስቶ አብሮ የሚኖረው ግን ብዙ ቀን ነው። ጊዜ አለዎት፤ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባው ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነው። ለምን ሰፈርተኛዎ እንዲያነበው እንደፈለጉ አልጠይቅም። ማሰብ ግን አልተከለከልኩም።

ዳንከርት


ሶልቪክ፣ ጁላይ 14 ቀን 1912

ለተከበሩ አቶ ዳንከርት፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሣሩ ታጭዶ እስኪደርቅ ድረስ እዚህ መምህርት የሚባል ሰው የለም፤ መንሽ የያዘና ያልያዘ ብቻ ነው ያለው። ጣቶቼ ስላበጡ ፊደሌን ይታገሡት።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሰርጉን መጀመሪያ ላይ አመጣሁት። ዘውዱ፣ ቫዮሊኑ፣ የክሬም ገንፎው፣ ፊዮርዱን የሚሻገሩት ጀልባዎች፣ ሁሉም ከፊት ሆኑ። ከዚያ ርስቱ ለታናሽ ወንድም ያልፋል። ሙሽሮቹ ገደል ሥር ወዳለች ድንጋያማ ቁራሽ መሬት ይወርዳሉ። ልጅ ይወልዳሉ፣ ልጅ ይቀብራሉ። የባልየው ጀርባ ይጎብጣል። በመጨረሻ እሷ ብቻዋን መስኮት ሥር ተቀምጣ የትልቁን ቤት ጢስ ከሩቅ ታያለች። ስጽፈው አለቀስኩ። ጨርሼ ሳነበው ግን ደሜ ፈላ፤ ለካ የጻፍኩት የደብሩን ሽሙጥ ነው!

እንግዲህ ልንገርዎ። ሴትዮዋ የፈጠራ አይደለችም፤ እናቴ ናት። ስሟ ጉንቮር ነው። አባቴ ቶርጌይር የኔስሃይም ርስት የበኩር ልጅ ነበር። ዛሬ ርስቱን የያዘው ግን ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ሳምሶን ነው። በእኛ ወግ በሰርግ ቀን ጧት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ በፊት ትልቅ ቁርስ ይበላል፤ ወራሹና ሙሽራዪቱ የሚቀመጡትም በጠረጴዛው ራስጌ፣ በአባወራው መቀመጫ ላይ ነው። እናቴን ግን ያን ቀን ከእንግዳው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። "የጭሰኛ ልጅ ራስጌ አትቀመጥም ብለው ነው" ተባለ። ርስቱም በኋላ ለአጎቴ ሲያልፍ የደብሩ ሰው ነገሩን ቋጨው፤ "ጉንቮር ቤት ላግባ ብላ ሄዳ አግዳሚ አግብታ ተመለሰች።" ይህን በትምህርት ቤት ግቢ በዜማ ሲዘፍኑብኝ ነው ያደግሁት። ያው ግቢ ነው፤ ዛሬ የማስተምርበት።

እናቴ ሆድ ይፍጀው ብላ አንድ ቀን መልስ ሰጥታ አታውቅም። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እሷም አርጅታለች። ይህ ሽሙጥ ሳይነሳላት እንዳትሞት ነው የፈለግሁት። መጽሔቱን የመረጥኩት ለዚሁ ነው፤ ሌላ ዓላማ የለኝም።

ሄርቦርግ


በርገን፣ ጁላይ 25 ቀን 1912

ለወይዘሪት ሄርቦርግ፣

ይቅርታ የምለምነው እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ረቂቅ ያዘዝኩት እኔ ነኝና። እናትዎ እንደሆኑ ግን ገምቼ ነበር፤ የፈጠራ ሴት የሰው በር ስትነካ እጇን በቀሚሷ አትጠርግም።

አሁን አብረን እንየው። በመጀመሪያው ረቂቅ ሰርጉ ሽልማት ሆነ። በሁለተኛው ጥፋት ሆነ፤ ከሰርግ በኋላ የሚመጣ ድህነት ሁሉ ቅጣት ይመስላልና። አንባቢ ምስኪን ነው። ኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ ፊት በነበረው ምክንያት የመጣ ይመስለዋል። የደብርዎ ሰውም እናትዎ ላይ የፈረደው በክፋት ብቻ አይደለም፤ በቅደም ተከተል ጭምር ነው። መጀመሪያ ሰርግ፣ ቀጥሎ ድህነት፣ ስለዚህ "እሰይ፣ የእጇን አገኘች!"

ግን ቅደም ተከተሉ እውነት ነው? አባትዎ ርስቱን የለቀቁት መቼ ነው? ሌላም አለ። እናትዎ ራስጌው ላይ አለመቀመጣቸውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ታዲያ የተቀመጠውስ ማን ነበር? በአገራችን ሰርግ ላይ የአባወራ መቀመጫ ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም። እናትዎን ይጠይቋቸው።

ዳንከርት


ሶልቪክ፣ ኦገስት 18 ቀን 1912

ለተከበሩ አቶ ዳንከርት፣

እንደምን አሉልኝ? እኔ ደስታዬ ልክ የለውም፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወንበር ላይ መርጋት አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

ጠየቅኳት። ድንች እየላጥን ነበር።

"እማዬ፣ በሰርግሽ ጧት ራስጌው ላይ ማን ነበር የተቀመጠው?"

"ሳምሶን ነዋ።"

"አጎቴ? እሱ ምን ቤት ነው?"

"ወንበሩ የሱ ነበራ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሳምንት በፊት ጀምሮ። አባትሽ ፈርሞለት ነበር። አንቺ ልጅ፣ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ጣልሽው እኮ!"

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ አባቴን "ወይ የጎረቤቱን ርስት ልጅ አግባ፣ ወይ ርስቱን ልቀቅ" ብለውት ኖሯል። አባቴም ለቀቀ። ቢራው ተጠምቆ፣ በሬው ታርዶ፣ ሰው ተጠርቶ ስለነበረ ግን አያቴ "ሰው ፊት አልዋረድም" ብለው ሰርጉን በቤታቸው አደረጉት፤ ሚስጥሩንም ለማንም አልተናገሩም። ስለዚህ ያ ሁሉ እንግዳ የበላው የደሃ ሰው ሰርግ ነው! ይህን ያህል ዘመን ስለ አግዳሚው ሲያወሩ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ራስጌውን አላየም። እኔም አላየሁም።

ሦስተኛውን ረቂቅ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አባቴ መጀመሪያ ርስቱን ይጥላል፣ ከዚያ እናቴ ምንም የሌለውን ሰው በፍቅር ብቻ ታገባዋለች። ሰርጉ ወደ መጨረሻ ተመልሷል፤ መሰላል ግን አይደለም። አሁን ያንን ሽሙጥ የሚደግም ሰው ካለ እሱ ይፈር።

እናቴ ደህና ናት። ትንሽ ሳል ይዟታል።

ሄርቦርግ


በርገን፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1912

ውድ ሄርቦርግ፣

ሽበቴን አይተሽ "አንቺ" እንድልሽ ፍቀጂልኝ፤ በ"እርስዎ" መቆጣት አልችልበትም።

መቼም ጎበዝ ነሽ። ፊርማው ከሰርጉ በፊት ሲመጣ ያው ቁርስ፣ ያው አግዳሚ፣ ያው ገንፎ ሌላ ነገር ሆነ። አባትሽ ወንድሙን ራስጌው ላይ ሲያስቀምጥ የጻፍሽውን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌአለሁ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አሁኑኑ ለሕትመት ፊደሉ ይለቀም ብሏል።

እኔ ግን አስቁሜዋለሁ። አትቆጪኝ። አባትሽን በዚህ ረቂቅ አገኘሁት፤ እናትሽን ግን አጣኋት። የበሩን እጀታ ስትነካ የነበረችው ልጅ የት ሄደች? ያቺ ልጅ የሆነ ነገር ትፈልግ ነበር። የአሁኗ ምንም አትፈልግም፤ ምንም የማይፈልግ ሰው ደግሞ ምንም አይጎድልበትም፣ ታሪክም አይኖረውም። በቁርሱና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ፊዮርዱን መሻገር አለ። አንቺ በአንድ ዐረፍተ ነገር "ተሻገሩ" ብለሽ አለፍሽው። ያንን የሚያህል ዘውድ ደፍታ ያንን የሚያህል ውሃ ስትሻገር ምን ታስብ ነበር?

አንብቢላት። ከእኔ ይልቅ እሷ ታርመው።

"ትንሽ ሳል" የሚለውን አላመንኩም።

ዳንከርት


ሶልቪክ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1912

ለምወድዎ አቶ ዳንከርት፣

አላመኑም፣ ልክ ነበሩ። ሳሉ ትንሽ አልነበረም፤ ሐኪሙ በጀልባ ተመላልሶ ነው ያተረፈልን። የደበቅሁት ታሪኩን በርኅራኄ እንዳያሳልፉልኝ ፈርቼ ነው። አሁን ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ትቆጣለች፣ ይጣፍጠኛል የምትለውን ትመርጣለች። ተሽሏታል ማለት ነው።

አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝና፣

"ማናት ይቺ?" አለችኝ።

"አንቺ ነሻ፣ እማዬ።"

"ኧረ ወዲያ! ይቺማ መልአክ ናት። መልአክ ደግሞ በረት አትጠርግም።"

"ታዲያ ምኑ ነው የተሳሳተው?"

"አላውቅም ነበር።"

"ምኑን?"

"ርስቱን መልቀቁን ነዋ! አግዳሚው ላይ እስክቀመጥ ድረስ ማን ነገረኝ?"

ረቂቁን አስቀምጬ እርሳስ አነሳሁ። እሷ አንዴ ከጀመረች በኋላ የሚያቆማት አልነበረም። እንዳለችው እጽፍልዎታለሁ።

"አባትሽ እጄን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ። ቀና ብዬ ሳይ ራስጌው ላይ ሳምሶን ቁጭ ብሏል፤ ፊቱ ቀልቷል፣ ዐይኑን ከገንፎው ላይ አያነሳም። 'ምንድን ነው?' አልኩ። አባትሽ በጆሮዬ 'ጉንቮር፣ ቤቱ የለም፤ ለቅቄዋለሁ' አለኝ። ለካ ያን ሳምንት ማታ ማታ እየመጣ በራችን ላይ ቆሞ ስለ አየሩ ሲያወራልኝ የነበረው ይህን ሊነግረኝ ፈልጎ ነው። ፈሪ! ርስት የሚያህል ነገር ለመጣል ያልፈራ ሰው እኔን ፈራ።"

"ቤቱን ትፈልጊው ነበር?" አልኳት። እንዲህ ብዬ ስጠይቃት ድምፄ እንደ ልጅ ሆነ።

"እፈልገዋለሁ እንጂ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በጨለማ እየተነሳሁ የሰው ላም ሳልብ ጣቶቼ ብርድ በመጣ ቁጥር ይሰነጠቁ ነበር። ያንን ቤት እያየሁ፣ 'አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ተኝቼ ላም ለማለብ ሌላ ሰው ይነሳል' እል ነበር። አባትሽን እወደው ነበር። ቤቱንም እወደው ነበር። ሁለቱን ለይቼ አላውቅም፤ ለዪ ያለኝስ ማን አለ?"

ከዚያ ጀልባው። "ሰው ሁሉ ይዘፍናል፤ ቫዮሊን መቺው ፊት ለፊቴ ቆሟል። ዘውዱ ከባድ ነው፣ አንገትሽን ካዞርሽ ይወድቃል። አባትሽ አጠገቤ ነው፤ ግን ዞሬ ላየው እንኳ አልችልም። ቀጥ ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ አየሁ። 'ቄሱ ሲጠይቀኝ እምቢ እለዋለሁ' አልኩ። 'እሺ እለዋለሁ' አልኩ። ደግሞ 'እምቢ'። ጣራው እየቀረበ መጣ። 'ሙሽራዪቱ አኩርፋለች' ብለው ተንሾካሾኩ። እውነታቸውን ነው፤ አኩርፌ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደረስን" አለችና ውሃ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ለምን ዝም ብላ እንደኖረች ጠየቅኳት። "ታዲያ ምን ልበል? ባሌ ሳይነግረኝ ቤተ ክርስቲያን ሊያስገባኝ ነበር ልበል? እኔን ይሙኝ። እኔ ሐሜት አይጎዳኝም፤ እሱ ግን ሆደ ቡቡ ነበር።"

አቶ ዳንከርት፣ እኔ ፈራሁ። ይህ ከታተመ "ይኸው፣ ቤቱን ፈልጋ እንደነበር ራሷ አመነች!" ይላሉ። አፍ ዳገት አይፈራም። ስለዚህ "እማዬ፣ ሦስተኛው ይውጣ፤ እሱ ያምራል፣ ማንንም አይጎዳም" አልኳት። በክንዷ ተደግፋ ብድግ አለች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትነሳ አይቻት አላውቅም።

"አንቺ መምህርት ነሽ አይደል? እስቲ ንገሪኝ። ፈልጌው ካልነበረ ምኑን ተውኩት?"

ሦስተኛውን ረቂቅ አጥፌ አስቀመጥኩት።

"እንደነበረው ጻፊው። አባትሽንም ፈሪ ነበር ብለሽ ጻፊ። ራሱ ሊናገረው ይፈልግ ነበር፤ አፉ እምቢ እያለው ነው።"

እኔ የእናቴን ስም ላጥብላት ተነስቼ ነበር። የሚታጠብ ነገር የላትም። ይህችን ሴት እንዴት እንደማደንቃት ፊቷ ቆሜ መናገር አልችልበትም፤ ለእርስዎ እጽፈዋለሁ። አራተኛው ረቂቅ ከዚህ ጋር ነው። ጊዜው ካለፈ ይንገሩኝ፤ እኔ ግን ሌላውን አልሰጥም።

ሄርቦርግ


በርገን፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1912

ልጄ ሄርቦርግ፣

አላለፈም። ቢያልፍም ጊዜውን አስቆመው ነበር።

አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ይጀምራል፤ የጀልባው አፍንጫ ማረፊያውን ሲነካ ያልቃል። መሰላልም የለ፣ ቅጣትም የለ፣ መልአክም የለ። ዘውድ የደፋች፣ አንገቷን ማዞር የማትችል አንዲት ሴት፣ ሀብትን ከአንድ ወገን ባልን ከሌላ ወገን ይዛ ውሃ ላይ። ሰርጉን ከፊት እናድርገው፣ ከኋላ እናድርገው እያልን ከጁን ጀምሮ ስንጨቃጨቅ፣ አንቺ ጭራሽ ከታሪኩ አወጣሽውና አረፍሽው! እኔ ይህን አልመከርኩሽም። ብመክርሽ ኖሮ እስከ ዛሬ ስኮራበት ትሰሚኝ ነበር።

እነዚያ አራት ረቂቆች ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል። ያው ሰው፣ ያው ርስት፣ ያው ጧት ነው፤ አራት ሴቶች ግን ወጡት። እውነተኛዋን የመረጥሽው የምታስፈራሽ እሷ ሆና ሳለ ነው። ለዚህ ባርኔጣዬን አነሳልሻለሁ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት በጣም ተቆጥቷል። "የገና መጽሔት ነው፣ ደወል ይደወል እንጂ! አገባችው ወይስ አላገባችውም?" አለኝ። "የጻፈችው ልጃቸው ናት፤ ምን ይመስልዎታል?" አልኩት። በሩን ዘግቶብኝ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ገባና፣ "መልካም። ግን በጀልባው ውስጥ ያለውን ክፍል አንድ ጊዜ ድገምልኝ" አለ።

አንድ ዜና አስቀርቼብሽ ነበር። ሐኪሙ ከቡናው ቀጥሎ ሥራውንም ከልክሎኛል፤ ይህ የመጨረሻ መጽሔቴ ነው። ቀድሜ ያልነገርኩሽ አንቺ ሳሉን በደበቅሽበት ምክንያት ነው። የመጨረሻው ይህ በመሆኑ ግን ምንም አላዝንም።

ዳንከርት


ሶልቪክ፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1912

ለምወድዎ አቶ ዳንከርት፣

ገናን በሰላም እንዳሳለፉ፣ ቡናውንም ተደብቀው እንደቀመሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እናቴ ተነስታ ትሄዳለች። ሰላምታዋን ልካለች፤ "ያ ነገረኛ ሰውዬ" ነው የምትልዎ፣ ከሷ አፍ ትልቅ ሙገሳ ነው።

መጽሔቱ በመርከብ በመጣ ማግስት ሱቁ ውስጥ አንድም አልቀረም። ከዚያ ስለ ታሪኩ የሚያነሳልኝ ሰው ጠፋ። እኔን ሲያዩ ስለ በረዶ ያወራሉ። እንቅልፍ አጣሁ፤ "ምን አድርጌአት ይሆን?" እያልኩ። የገና ዕለት ግን እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ "ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ" አለች። በስንት ልመና ላስቀራት ሞከርኩ። እምቢ አለች።

ከቅዳሴው በኋላ ግቢው ውስጥ መጀመሪያ የመጣው አጎቴ ሳምሶን ነው። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ጉንቮር፣ ያን ቀን ቀና ብዬ አላየሁሽም።"

"አውቃለሁ፣ ገንፎህን እያየህ ነበር" አለችው። ሽማግሌው ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ወረደ። እጇን ይዞ ቆመ፣ አለቀቃትም።

ከዚያ የባለሱቁ ሚስት ሲኔቫ መጣች። ያንን ሽሙጥ ከሁሉ በላይ ስትደግመው የኖረችው እሷ ናት። ፊቷ ላይ ሽሙጥ አልነበረም፤ አንቱታ ነበር። "ጉንቮር፣ እባክዎ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጀልባው ሲደርስ ምን አሏቸው?" ፈረስ የሚጭኑት ሳይቀሩ እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ።

"መጽሔቱ ላይ የለም?" አለች እናቴ።

"የለም።"

"እንግዲያው አይሸጥማ።"

ብላ ክንዴን ይዛ ወጣች። ከኋላችን የተሰማው ሳቅ ሌላ ዓይነት ሳቅ ነበር። ያን ያህል ዓመት በእሷ ላይ ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ ከእሷ ጋር ሲስቁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። "ቤት ፈልጋ ነበር" ያለ ሰው የለም። ሁሉም ቤት የሚፈልግ ሰው ነዋ።

እርስዎም በፖስታ ካርድዎ ላይ ያንኑ ጠይቀውኛል። ቤት ስንደርስ ካርድዎን አሳየኋት። "ለሱ ንገሪው፤ ጡረታ የወጣ ሰው አያትምም" አለችና ነገረችኝ። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው።

ጀልባው ሲደርስ አባቴ ቀድሞ ወርዶ እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም። ዘውዷን እንደደፋች ጀልባው ውስጥ ቆማ፣ "ቶርጌይር፣ እኔ ከእንግዲህ ላም አላልብም" አለችው። እሱም ሰው ሁሉ እየሰማ ይሁን አይሁን ሳያይ፣ "እሺ፣ እኔ አልባለሁ" አላት። ያኔ እጁን ያዘችው።

እርስዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባዎት ይችላል። በእኛ አገር ወንድ ላም አያልብም። ሰክሮ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ ይሻለዋል። አባቴ ግን ያልብ ነበር። እስከ ሞተበት ሳምንት ድረስ ጧት ጧት የበረቱን በር ከውስጥ ቀርቅሮ ያልብ ነበር፤ እኛንም "ለሰው እንዳትናገሩ" ይለን ነበር። እናቴ ያን ሰዓት ነቅታ፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና፣ በግድግዳው በኩል ወተቱ ባልዲው ውስጥ ሲወርድ ታዳምጥ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ጧት "እማዬ፣ ምን እየሰማሽ ነው?" አልኳት።

"ዝም በይ" አለችኝ፣ "ሀብቴን እየሰማሁ ነው።"

ሄርቦርግ